ግሬስ ሆፐር

ሪር አድሚራል ግሬስ ብሩስተር መሪ ሆፐር (ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.) አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጅና የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ኮምፒውተር ራሱ ፕሮግራም እንዲጽፍ ያደረገውን ኤ-ዜሮ የተባለ ሥርዓት በመሥራትና ለኮቦል ቋንቋ መሠረት የሆነውን ፍሎው-ማቲክን በመምራት ይታወቃሉ። ከዚህ ባነሰ የሚታወቀው ሌላው ሥራቸው፣ ማሽን የጻፈው ኮድ ትክክል መሆኑን በሌላ ፕሮግራም የመፈተን ልማድ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ እንዲተከል ማድረጋቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ግሬስ መሪ በዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። የእናታቸው አያት በአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ ሪር አድሚራልነት የደረሱ ሰው ስለነበሩ የባሕር ኃይል ስም በቤቱ ውስጥ የከበረ ነበር። በሰባት ዓመታቸው የማንቂያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ለማነጻጸር ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን እየፈቱ በቤቱ የነበሩትን ሰባቱንም በታተኑ። እናታቸው ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው።

በ16 ዓመታቸው ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ቢያመለክቱም በላቲን ቋንቋ ፈተና ያገኙት ውጤት ዝቅተኛ ስለነበረ አልተቀበላቸውም። በማግስቱ ዓመት ገቡና በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የዶክትሬት አማካሪያቸው ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይስቲን ኦሬ ነበሩ። በ1930 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትን ቪንሰንት ፎስተር ሆፐርን አገቡ። ጋብቻው በ1945 በፍቺ ቢያበቃም ስማቸውን አልቀየሩም፤ ልጅም አልወለዱም። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ያስተማሩ ሲሆን በ1941 ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ወደ ባሕር ኃይል መግባት

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር ለባሕር ኃይል ለመመዝገብ ጠየቁ። በመጀመሪያ ተከለከሉ፤ ዕድሜያቸው ለምልመላ ገፍቷል ተባለ፣ ክብደታቸውም ከቁመታቸው አንጻር አነሰ፣ የሒሳብ መምህርነታቸውም ለጦርነቱ ጥረት አስፈላጊ ነው ተብሎ ተቆጠረ። አጥብቀው በመጠየቃቸው በልዩ ፈቃድ በዲሴምበር 1943 ወደ ሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ገቡ። ለመመዝገብ ከሚፈለገው ከ54 ኪሎ ግራም ወደ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይጎድላቸው ነበር። በስሚዝ ኮሌጅ የተሰጠውን የመኮንንነት ሥልጠና በ1944 አንደኛ ወጥተው ፈጸሙ።

የተመደቡት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ኤይከን ይመራ ወደነበረው የሒሳብ ስሌት ፕሮጀክት ነበር። በዚያ ያገኙት ማርክ ዋን የተባለው ማሽን ርዝመቱ 15 ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ክብደቱም ከ4 ቶን በላይ ነበር። በሰከንድ ሦስት ቁጥሮችን ብቻ ይደምራል፤ አንድ ማባዛት 6 ሰከንድ ይወስድበታል። ትእዛዙን የሚያነበው በቀዳዳ ምልክት ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። ሆፐር ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምቤል ቀጥሎ የማሽኑ ሦስተኛ ፕሮግራመር ሆኑ። በኤይከን ትእዛዝ የጻፉት ከ500 ገጽ በላይ ያለው የማሽኑ መመሪያ በ1946 ታተመ።

ስሕተት የሚጀምርበት ቦታ

በሃርቫርድ ያለፉት ዓመታት ሆፐርን ያስተማሯቸው አንድ ነገር የሰው እጅ በቀላሉ እንደሚሳሳት ነው። ፕሮግራመሮቹ በተደጋጋሚ የሚያስፈልጓቸውን ንዑስ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ የሳይን ወይም የሎጋሪዝም ስሌት፣ በደብተር ይዘው አንዱ ከሌላው ይገለብጡ ነበር። በ1949 ሆፐር ሃርቫርድን ለቀው ፊላደልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና የሞክሊ የኮምፒውተር ኩባንያ ሲገቡ ችግሩ ይበልጥ ጎላ። ኩባንያው በ1950 በሬሚንግተን ራንድ የተገዛ ሲሆን ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ይሠራ ነበር።

በዩኒቫክ እያንዳንዱ ትእዛዝና ቁጥር በሚሞሪ ውስጥ የራሱ አድራሻ አለው። በደብተር የተያዘ ንዑስ ፕሮግራም አድራሻውን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ወደ አዲስ ፕሮግራም ሲገለበጥ በውስጡ ያሉት አድራሻዎች ሁሉ እንደ አዲሱ ቦታ እየተደመሩ መስተካከል አለባቸው። አንዱ ድምር ከተሳሳተ ፕሮግራሙ ወዳልተፈለገ ቦታ ይዘላል። የእጅ ጽሑፍም ሌላ ጣጣ ነበር፤ በችኮላ የተጻፈው የላቲን ፊደል «ቢ» 13 ቁጥር ሆኖ ይገለበጥ ነበር። ሆፐር ከዚህ የደረሱበት ድምዳሜ ቀላል ነበር። መገልበጥና መደመር ማሽን ያለ ድካም የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ፕሮግራሙን የመገጣጠሙን ሥራ ለማሽኑ መስጠት ይገባል።

ኤ-ዜሮ

በ1951 እና በ1952 የሠሩት ኤ-ዜሮ ይህንን ሐሳብ በተግባር አዋለ። ንዑስ ፕሮግራሞቹ በማግኔት ቴፕ ላይ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም የመጥሪያ ቁጥር ይሰጠዋል። ፕሮግራመሩ የሚጽፈው የትኞቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለጉና በየትኞቹ ቁጥሮች ላይ እንደሚሠሩ ብቻ ነው። ኤ-ዜሮ ከቴፑ ያወጣቸዋል፣ አድራሻቸውን ያስተካክላል፣ በመጨረሻም ለመሥራት የተዘጋጀ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ከልዩ ልዩ ቦታ ሰብስቦ አንድ ስለሚያደርግ ኮምፓይለር፣ ማለትም አጠናቃሪ፣ ብለው ሰየሙት።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ገጥሟቸው ነበር። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ሲዘል መድረሻው አስቀድሞ ስለተቀመጠ አድራሻው ይታወቃል። ወደ ፊት ሲዘል ግን መድረሻው ገና አልተቀመጠም። ሆፐር በተማሪነታቸው ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ስለነበር መፍትሔውን ከጨዋታው ወሰዱ። አንድ ተጫዋች ኳሱን ወደ ቅርጫት ሮጦ ለሚደርስ ጓደኛው በቀጥታ ማቀበል ካልቻለ በመካከል ላለ ሌላ ተጫዋች ያቀብላል፤ እርሱም ለባለቤቱ ያደርሳል። ኤ-ዜሮም በሚሞሪው ጫፍ ላይ አንድ ገለልተኛ ቦታ ይይዛል፤ ወደ ፊት የሚዘለው ትእዛዝ ወደዚያ ይላካል፤ እውነተኛው መድረሻ ሲታወቅ ከዚያ ቦታ ወደ እርሱ የሚወስድ ሌላ ዝላይ ይጻፋል።

ሆፐር ሐሳባቸውን በሜይ 1952 በፒትስበርግ በተካሄደ የኮምፒውተር ማኅበር ጉባኤ ላይ ኮምፒውተርን ስለማስተማር በሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ተቀባይነቱ ግን ወዲያው አልመጣም። ብዙዎች ኮምፒውተር ስሌት ይሠራል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም የሚል እምነት ነበራቸው። ልምድ ያካበቱ ፕሮግራመሮችም በማሽን የተገጣጠመ ኮድ ሰው በእጁ ከጻፈው የዘገየና የማይታመን ይሆናል ብለው ይጠራጠሩ ነበር። ክርክሩን ያሸነፈው በቃል ሳይሆን በሥራ ነው፤ በእጅ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ፕሮግራም በኮምፓይለሩ በአጭር ጊዜ ተዘጋጅቶ ትክክለኛውን ውጤት ሲሰጥ ተጠራጣሪዎች እየቀነሱ ሄዱ። በ1953 የተዘጋጀው ኤ-ሁለት ከነምንጭ ኮዱ ለደንበኞች ተሰጠ፤ ደንበኞቹም ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩ ተጠየቁ። በዚህ ምክንያት ኤ-ሁለት ከነጻ ሶፍትዌር ልማድ ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ፍሎው-ማቲክና ኮቦል

በ1954 ሆፐር የኩባንያው አውቶማቲክ ፕሮግራም አጻጻፍ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ቀጣዩ ጥያቄያቸው ኮምፒውተሩን የሚያዝዘው ሰው የሒሳብ ምልክት ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል የሚል ነበር። የደመወዝና የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በተለመደ የቋንቋ ቃላት ቢጽፉ ኮምፓይለሩ ወደ ማሽን ቋንቋ ሊመልሰው ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። ለኩባንያው አስተዳደር ይህንን ለማሳየት አንድ አነስተኛ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አዘጋጁ፤ ትእዛዞቹን በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት በመተካትም ያው ፕሮግራም እንደሚሠራ አሳዩ። ለኮምፒውተሩ ቃላቱ ሁሉ የምልክት ድርድር ስለሆኑ ለውጡ ቀላል ነበር። አስተዳደሩ ግን በአሜሪካ የተሠራ ኮምፒውተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይገባዋል መባሉ አስደነገጠው፤ ስለዚህ ሥራው በእንግሊዝኛ ብቻ ቀጠለ። ውጤቱ ፍሎው-ማቲክ የተባለው ቋንቋ ሆነ።

በሜይ 1959 የመንግሥት፣ የኮምፒውተር አምራቾችና የተጠቃሚዎች ተወካዮች በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው በማንኛውም ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ኮቦል የተባለውን ይህን ቋንቋ የነደፈው ኮሚቴ ነው፤ ሆፐር የኮሚቴው ቴክኒክ አማካሪ ነበሩ፤ ከፍሎው-ማቲክም ብዙ ነገር ተወሰደ። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች፣ በዩኒቫክ ሁለትና በአርሲኤ 501፣ ላይ ሠራ። የአንድ ፕሮግራም ጽሑፍ ከአንድ አምራች ማሽን ወደ ሌላው ሊሸጋገር እንደሚችል የታየው በዚህ ነው።

ኮምፓይለርን መፈተን

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ላይ በኮማንደርነት ማዕረግ ከባሕር ኃይል ተጠባባቂነት በጡረታ ተገለሉ። ይሁን እንጂ በኦገስት 1967 ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩ፤ አገልግሎቱ ደጋግሞ እየተራዘመ ወደ 19 ዓመት ያህል ዘለቀ። የተጠሩበት ምክንያት ኮቦል በወረቀት ላይ አንድ ቢሆንም በተግባር ብዙ ስለነበረ ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ኮምፓይለር ይሠራል፤ አንዱ መደበኛውን ትእዛዝ ይተዋል፣ ሌላው የራሱን ይጨምራል፣ ሦስተኛው ተመሳሳይ ትእዛዝ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ባሕር ኃይሉ ደግሞ ከብዙ አምራቾች ኮምፒውተር ገዝቶ ነበርና በአንዱ የሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ ይሰናከላል፤ ወይም ይባስ ብሎ ምንም የስሕተት ምልክት ሳያሳይ የተለየ ውጤት ይሰጣል።

ሆፐር ከ1967 እስከ 1977 የመሩት የባሕር ኃይሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ቡድን ለዚህ ያዘጋጀው መፍትሔ የማረጋገጫ ፕሮግራሞች ስብስብ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በደረጃው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የቋንቋ ክፍል ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አነስተኛ የኮቦል ፕሮግራም ይጻፋል። የሚፈተነው ኮምፓይለር ይህንን ፕሮግራም ወደ ማሽን ኮድ ይመልሳል። ከዚያም ያ ኮድ ይሠራና የሰጠው ውጤት ከታወቀው ጋር ይነጻጸራል። ኮምፓይለሩ ጽሑፉን ካልተቀበለ ወይም ያወጣው ኮድ የተለየ ውጤት ከሰጠ በዚያ ክፍል ወደቀ ማለት ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም በሻጩ ቃል አለመመካቱ ነው። ማሽን የጻፈውን በሺህ የሚቆጠር የማሽን ኮድ መስመር ሰው በዓይኑ አንብቦ ሊያጣራ አይችልም፤ በጥያቄና በታወቀ መልስ ግን ሌላ ፕሮግራም ሊያጣራው ይችላል። ሥራው በኋላ ወደ አገሪቱ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ተሸጋገረ፤ ለመንግሥት የሚሸጡ ኮምፓይለሮች በፈተና ማለፍ እንዳለባቸውም ልማድ ሆነ።

አስተማሪነታቸው

ሆፐር በ1973 ካፕቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ። በ1985 ይህ ማዕረግ ሪር አድሚራል ተብሎ ተሰየመ። በኋለኛው ዕድሜያቸው በመላው አሜሪካ እየዞሩ ለተማሪዎችና ለመኮንኖች ንግግር ያደርጉ ነበር። በንግግራቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ሽቦ ለአድማጮች ያድሉ ነበር። ይህ ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ሊጓዝ የሚችለው ከፍተኛ ርቀት ነው። የሳተላይት መልእክት ለምን እንደሚዘገይ ለሚጠይቁ አዛዦች በእነርሱና በሳተላይቱ መካከል እነዚህ ሽቦዎች ስንት እንደሚሆኑ በማሰብ እንዲገነዘቡት ያደርጉ ነበር። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር፣ ግን ሰዓቱን በትክክል የሚናገር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ የተለመደ ስለሆነ ብቻ የተያዘ አሠራር ሊቀየር እንደሚችል ለማሳሰብ ነው።

በብዛት የሚሳሳቱ ነገሮች

ስለ ሆፐር ከሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ማስተካከያ ይፈልጋሉ። በሴፕቴምበር 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት ማሽን ሪሌይ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት ተገኝታ በመዝገብ ደብተሩ ላይ ተለጥፋለች፤ ደብተሩ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ሆፐር ታሪኩን ደጋግመው በመናገር አሰራጩት እንጂ በማሽን ላይ የሚደርስ ብልሽትን በነፍሳት ስም መጥራት ከዚያ በፊትም በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር።

ኤ-ዜሮም ዛሬ ኮምፓይለር በሚባለው ትርጉም የመጀመሪያው ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። ሥራው ዛሬ ንዑስ ፕሮግራሞችን አያይዞ ወደ ሚሞሪ ከሚጭነው ሶፍትዌር ጋር ይቀራረባል። በ1952 በእንግሊዝ አሊክ ግሌኒ ለማንችስተር ኮምፒውተር አውቶኮድን ሠርተዋል፤ በ1957 ደግሞ በጆን ባከስ የተመራው የአይቢኤም ቡድን ፎርትራንን ለተጠቃሚዎች አቅርቧል። የኮቦል እናት መባላቸውም ከሙሉ እውነቱ ያልፋል፤ ጂን ሳሜትን ጨምሮ ቋንቋውን በዝርዝር የነደፉት ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው።

ሐሳቡ ዛሬ

ሆፐር የጀመሯቸው ሁለት ነገሮች፣ ኮድ የሚጽፍ ማሽንና ያንን የሚፈትን ፕሮግራም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ እንደገና ተገናኝተዋል። በ1950ዎቹ ጥርጣሬ የወደቀበት ኮምፓይለር አሁን በተራው መርማሪ ሆኗል። ኮምፓይለር ሰው በትእዛዝ መስጫ ብቻ የሚያስነሳው መሣሪያ አይደለም፤ ሌላ ፕሮግራምም ሊጠራው ይችላል። ጃቫ ከ2006ቱ 6ኛ እትም ጀምሮ ለዚህ የተዘጋጀ መጥሪያ አለው፤ የሲ ሻርፕ ኮምፓይለር ሮዝሊንም በ2014 ምንጭ ኮዱ ክፍት ሲሆን እንደ ቤተ መጻሕፍት እንዲጠራ ሆኖ ነው። ጠሪው ፕሮግራም በማሽን የተጻፈውን ጽሑፍ ለኮምፓይለሩ ይሰጣል፤ ኮምፓይለሩ የስሕተቶቹን ዝርዝር ከነመስመር ቁጥራቸው ይመልሳል። ዝርዝሩ ባዶ ካልሆነ ኮዱ ከነስሕተቱ መግለጫ ወደ ጻፈው ማሽን ተመልሶ እንዲታረም ይደረጋል።

የፍተሻው ጥልቀት እንደ ቋንቋው ይለያያል። ጃቫ ያልታወጀ ስምንና የማይጣጣም የውሂብ ዓይነትን ይይዛል። የፓይተን የማጠናቀሪያ ትእዛዝ ግን በዋናነት የሰዋስው ስሕተትን ብቻ ስለሚያይ፣ የሌለ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ሲሠራ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። ከሁሉም በላይ ኮምፓይለር ትርጉምን አይመረምርም። የቡና ዋጋ ከኩንታል ወደ ኪሎ የሚመልስ ፕሮግራም በ100 ማካፈል ሲገባው በ10 ቢያካፍል ኮምፓይለሩ ያለ ተቃውሞ ያሳልፈዋል። ገበሬውና ነጋዴው የሚጣሉበት ስሕተት የሚገኘው በሆፐር ቡድን ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም መልሱ አስቀድሞ በታወቀ ጥያቄ በመፈተን ነው። ይህ ሲደረግ ያልታወቀ ኮድ በኮምፒውተሩ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ከሌላው ሥራ በተለየ ቦታ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

የኮምፓይለር ንድፍ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይሰጣል። ኮድ የሚጽፉት ትልልቅ ሞዴሎች በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚገኙ ሲሆኑ ኮምፓይለሩ ግን በላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ነቀምት ወይም ጊዳ አያና ያለ ተማሪ መስመር ቢቋረጥበትም የተቀበለውን ኮድ ማጣራት ይችላል። ሆፐር በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ያሳዩት ነገርም ወደ ግዕዝ ፊደል ደርሷል። ፊደሉ በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ስለገባ ጃቫና ፓይተን ሦስትን በመሰሉ ቋንቋዎች የተለዋዋጮችን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ዕረፍትና መታሰቢያ

ሆፐር በኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመታቸው ቦስተን ወደብ ላይ በቆመችው ጥንታዊቷ ኮንስቲትዩሽን መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ከባሕር ኃይል ተሰናበቱ። በአገልግሎት ላይ ከነበሩት የባሕር ኃይሉ መኮንኖች በዕድሜ አንጋፋው እርሳቸው ነበሩ። ከዚያም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠሩ። በ1991 ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተሸለሙ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብርም በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ።

በ1997 አገልግሎት የጀመረች አንዲት የአሜሪካ የጦር መርከብ በስማቸው ተሰይማለች። በ2016 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳልያ ከሞቱ በኋላ ሰጥተዋቸዋል። በ2017 ደግሞ ዬል ዩኒቨርሲቲ ከመኖሪያ ኮሌጆቹ አንዱን ግሬስ ሆፐር ኮሌጅ ብሎ ሰይሟል።